ቀጭኔዋ አማርኛ ትናገራለች

ጋርዴና ሰሞኑን በርዷታል። ሎስ አንጀለስ በረደ ስል የሚኒሶታና የቶሮንቶ አንባቢዎቼ እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ፤ ይሳቁ፣ እኔ ግን ይህችን የምጽፈው ጋቢ ደርቤ ነው። ፖለቲካ የጠበቃችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ እሱ በሌሎቹ ገጾች ላይ እንደ ልብ አለ። የዛሬው ጉዳዬ ስለ አንዲት ቀጭኔ ነው። ቀጭኔዋ አማርኛ ትናገራለች። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።)

ነገሩ የጀመረው የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ነው። የመጀመሪያዋ የልጅ ልጄ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ፣ አባቷ ደግሞ ከኤርፖርት ታክሲ የማይወርድ ስለነበሩ ሕፃኗ የምትውለው እኔ ዘንድ ነው። እኔም "አማርኛ ካላወቀችማ የማን ልጅ ልትባል ነው" ብዬ ቆርጬ ተነሣሁ። በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል ላልተነፍስላት ማልኩ። እሷ ግን ከእኔ ባሰች። "ውሃ ልስጥሽ?" ስላት "የስ!" ትለኛለች። "ጫማሽን አምጪ" ስላት ጫማዋን ይዛ ትመጣለች፤ አማርኛ ግን ከአፏ አይወጣም። ይገባታል፣ አትናገርም። ዓመት ሙሉ ከአንደበቷ የወጣችው የአማርኛ ቃል አንዲት ብቻ ናት፤ እኔን ስትጠራ "አባባ" የምትላት።

አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዴ በ110 ሽቅብ፣ በ10 ደግሞ ወደ ምዕራብ ነድቼ ፌርፋክስ ሄድኩ። እንጀራና በርበሬ ገዝቼ፣ ጋዜጣዬን በብብቴ ሸጉጬ ልወጣ ስል ባለ ሱቁ ዲቪዲ አሳየኝ። "ጋሼ፣ የልጆች ነው፤ ሀገር ቤት ልጁ ሁሉ ያበደበት ነው" አለኝ። ዋጋው ሦስት ዶላር። ሽፋኑ ደብዛዛ ፎቶ ኮፒ ነው። ሱቁ የቱ እንደሆነ አልናገርም፤ ገዢው እኔው ስለሆንኩ ወደዚህ ነገር ኋላ እመለስበታለሁ።

ቤት ገብቼ ከፈትኩላት። "ፀሐይ መማር ትወዳለች" ይላል። ፀሐይ የምትባል የቀጭኔ አሻንጉሊት ብቅ ትልና በልጅ ድምፅ ጥያቄ ታዥጎደጉዳለች። ይህ ምንድን ነው? ያ ለምን ሆነ? የእኔዋ ልጅ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች። አልተነቃነቀችም። ሲያልቅ ወደ እኔ ዞር ብላ ዓይኗን አፍጥጣ፣ በእንግሊዝኛዋ፣ "አባባ፣ ልጅ እኮ ናት!" አለችኝ።

"ማን?"

"ቀጭኔዋ! ልጅ ሆና አማርኛ ትናገራለች!"

እኔ ደግሞ ያስገረማት ቀጭኔ መናገሯ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱ ምንም አላስደነቃትም፤ አሜሪካ ውስጥ ስፖንጅም ይናገራል፣ አይጥም ይናገራል። የገረማት ልጅ አማርኛ መናገሯ ነው። እስከዚያች ቀን ድረስ አማርኛ ሲናገር የሰማችው እኔን፣ እናት አባቷንና ቤታችን የሚመጡትን ጓደኞቼን ብቻ ነበር። ከእኛ አፍ የምትሰማው አማርኛ ደግሞ ምን ዓይነት ነው? ስልክ ላይ እየጮኹ መነጋገር፣ ቁጣ፣ "ተይ"፣ "ውረጂ"፣ ለቅሶ ቤት ማንሾካሾክ። ልጅቱ አማርኛ ሰው ሲያረጅ የሚመጣበት ነገር መስሏት ነበር፤ እንደ ሽበት።

መቼም ይህን ያህል የሚያሳፍር ነገር ሰምቼ አላውቅም። እኛ ለሠላሳ ዓመት ስብሰባ ስንጠራ፣ "ትውልዱ ቋንቋውን እያጣ ነው" ስንል፣ መግለጫ ስናወጣ ኖረናል። ልጆቻችን አማርኛ የሚናገር እኩያ እንዳጡ ግን ልብ ያልን ስንቶቻችን ነን? ልጅ ቋንቋ የሚማረው ከአባቱ ይልቅ ከጨዋታ ጓደኛው ነው። እኛ ሰፈር ውስጥ አብሯቸው አፈር የሚያቦካ፣ በአማርኛ የሚጣላ፣ በአማርኛ የሚታረቅ ልጅ የለም። ይህን ጎዶሎ የሞላችልኝ ቀጭኔ ናት።

ታዲያ ከቀጭኔዋ ኋላ ያለችው ማን ናት ብዬ ማጠያየቅ ጀመርኩ። ብሩክታዊት ጥጋቡ ትባላለች። አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ከእሷ ክፍል የሚገቡት ልጆች በቁጥር የተወሰኑ ናቸው፤ ከክፍሉ ውጭ ያሉት ግን ለቁጥርም ያስቸግራሉ። ያኔ በሀገራችን መዋዕለ ሕፃናት የሚገባው ልጅ ከመቶ አሥር እንኳ አይሞላም ነበር፤ ለዚያውም የከተማና የባለ ገንዘብ ልጅ ነው። እሷም "ክፍሌን ማስፋት ካልቻልኩ ድምፄን ላስፋ" አሰኝቷት ይሆናል፤ ይህ የእኔ ግምት ነው። የተረጋገጠው ግን በ2005 ከባለቤቷ ከአሜሪካዊው የኮምፒዩተር ባለሙያ ከሼን ኤትዘንሃውዘር ጋር ሆና "ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ" የተባለውን ድርጅት ማቋቋሟ ነው።

ድርጅት ስላችሁ ሕንፃና ሊፍት እንዳይመጣባችሁ። ስቱዲዮው ቤታቸው ነበር። አሻንጉሊቶቹ ከካልሲ የተሠሩ ነበሩ፤ አዎ፣ እግር ላይ ከሚጠለቀው ካልሲ። ሙዚቃውንና የኮምፒዩተሩን ሥራ ባል ይሠራ ነበር፤ ሚስት ጽሑፉን ትጽፍ፣ ታዘጋጅ፣ የፀሐይንም ድምፅ ትሰጥ ነበር። ሚሊዮኖች የሰሟት የስድስት ዓመቷ ቀጭኔ አንዲት አዋቂ ሴት ናት ማለት ነው፤ እጇን ካልሲ ውስጥ ከትታ፣ ከጠረጴዛ ሥር አጎንብሳ።

ይህ ሥራ ቀላል የሚመስለው ካለ ዛሬ ማታ አንድ ካልሲ እጁ ላይ አጥልቆ ይሞክረው። እኔ ሞክሬዋለሁ። የመጀመሪያው ጣጣ ክንድ ነው፤ እጅን ከራስ በላይ ሰቅሎ አምስት ደቂቃ መቆየት የልምድ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው ጣጣ አፍ ነው። ጀማሪ ሰው አሻንጉሊቱን ሲያናግር ጭንቅላቱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ያኔ ተመልካቹ የሚያየው ሰማይ የምታይ ቀጭኔ ነው። የሚንቀሳቀሰው ታችኛው መንጋጋ፣ ማለት አውራ ጣት ነው። እሱም በየድምፁ መከፈት አለበት። እዚህ ላይ የእኛ ፊደል ትረዳለች፤ "ፀ" አንድ፣ "ሐይ" ሁለት እያሉ መቁጠር ነው። ሦስተኛውና ዋናው ጣጣ ድምፁ ነው። የልጅ ድምፅ ማለት ድምፅን ማቅጠን ብቻ አይደለም። ልጅ ሲናገር ትንፋሹ ከሐሳቡ ቀድሞ ያልቅበታል፣ መሐል ላይ ይዋጣል፣ ጥያቄውን ሳይጨርስ ሌላ ይጀምራል። እኔ ስሞክረው የልጅ ልጄ "ታመምክ?" ነበር ያለችኝ።

እኛ የድሮዎቹ በቴሌቪዥን ስለ ልጆች ሲነሣ ትዝ የሚሉን አባባ ተስፋዬ ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ። ቴሌቪዥን ኢትዮጵያ በገባበት በ1964 አካባቢ ጀምረው ለ42 ዓመት ያህል ተረት ሲያወሩልን፣ እንደ ጅብም እንደ ጦጣም ሲሆኑልን ኖሩ። በወጣትነታቸው፣ ሴት ወደ መድረክ በማትወጣበት ዘመን፣ ቴያትር ቤት የሴት ገጸ ባሕርይ ሲጫወቱ የነበሩ መሆናቸውንም የማታውቁ ወጣቶች ዕወቁት። ወንድ የሴት ድምፅ አውጥቶ ይጫወት የነበረበት ሀገር፣ ኋላ አንዲት ሴት የቀጭኔ ልጅ ሆና ስትጫወት አየ። አባባ ተስፋዬ ከቴሌቪዥኑ የለቀቁት በ2006 ነው፤ ፀሐይም ብቅ ያለችው በዚያው ሰሞን ነው። ልዩነታቸው ግን አንድ ነገር ላይ ነው፤ አባባ አያት ሆነው ለልጆች ያወሩ ነበር፤ ፀሐይ ልጅ ሆና ከልጆች ጋር ታወራለች። የእኔዋ ልጅ አያት ሞልቷታል። ያጣችው እኩያ ነው።

በነገራችን ላይ እኛ የምንኖረው የዓለም ካርቱን በሚፈላበት ከተማ ነው። ፌርፋክስ ላይ በ2002 የከተማው ምክር ቤት "ትንሿ ኢትዮጵያ" ብሎ ከሰየመልን ሰፈር ተነሥታችሁ፣ ኦሎምፒክን ተሻግራችሁ ወደ ሰሜን ብትነዱ፣ ዊልሻየር ጥግ ላይ በ2021 የተከፈተውን የፊልም ሙዚየም ታገኛላችሁ። ትንሽ አለፍ ብትሉ ከቤቨርሊ መንገድ ጋር ሲገናኝ ከ1952 ጀምሮ የቆመው ትልቁ የቴሌቪዥን ከተማ አለ። ከክትፎ ቤቱ እስከዚያ ድረስ ሁለት ማይል ያህል ነው። ስንቶቻችን እዚያ በር ላይ መኪና አቁመን፣ ሰው አድርሰን፣ ጥበቃ ሆነን አምሽተናል! ወደ ውስጥ የገባን ግን ጥቂት ነን።

የዚህችን ከተማ የድምፅ ሰዎች ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ጁን ፎሬይ የሚባሉ ሴት ነበሩ፤ በ1959 ከጀመረው ፊልም አንሥቶ የበራሪውን ሽኮኮ የሮኪን ድምፅ የሰጡ ናቸው። የካርቱን ሠሪዎች ማኅበርና ሽልማት እንዲቋቋም ከደከሙት ግንባር ቀደሟ ናቸው። በ94 ዓመታቸው፣ በ2012፣ ለድምፃቸው ኤሚ ተሸለሙ። ያረፉት ሐምሌ 2017 ነው፣ በ26ኛው ቀን። አባባ ተስፋዬ ያረፉት ደግሞ በዚያው ወር በ31ኛው ቀን። በአምስት ቀን ልዩነት! ያን ሳምንት የእነሱም ልጆች፣ የእኛም ልጆች አያታቸውን ቀበሩ።

ሌላዋ ናንሲ ካርትራይት ናት። ዝነኛውን ባለጌ ልጅ፣ ባርት ሲምፕሰንን የምትናገረው እሷ ናት። ወንድ ልጅ በሴት ድምፅ! ይህ የተለመደ ነው፤ ወንድ ልጅ ካስቀጠሩ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ድምፁ ይጎረንንና ፊልሙ ገደል ይገባል። ሴትዮዋ የኦሃዮ ልጅ ናት፤ ሎስ አንጀለስ የመጣችው የዮጊ ድብን ድምፅ ይሰጥ ከነበረው ከመምህሯ ከዶውስ በትለር ለመማርና ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ነው። በ1987 ለእህትየዋ ለሊሳ ልትፈተን ሄዳ የወንድየውን ወረቀት ስታይ "እኔ ይሄን ነው የምፈልገው" ብላ አገኘችው። ካርቱን ሲሠራ ድምፁ ነው የሚቀድመው፤ ተዋንያኑ ወረቀት ይዘው ማይክ ፊት ያነባሉ፣ ሠዓሊዎቹ ኋላ አፉን በድምፁ ልክ ይሥሉታል። ይህች ሴት ለታመሙ ልጆች ስልክ እየደወሉ በካርቱን ድምፅ ከሚያጫውቱት ዝነኞችም አንዷ ናት። አልጋ ላይ የተኛ ልጅ ስልክ አንሥቶ ባርትን ሲያገኝ ምን ይሰማው ይሆን? እኔ እንደ እውነቱ ከገንዘቡ ይልቅ ይህችን ነገር ወድጄላታለሁ።

ገንዘቡን ካነሣን ግን እናንሣው። በጋዜጦች እንደተጻፈው የሲምፕሰኖቹ ድምፆች እስከ 1998 ድረስ ለአንድ ክፍል 30 ሺሕ ዶላር ያገኙ ነበር። ከዚያ ጠብ ተነሣ፤ አሠሪዎቹ "በሌላ ሰው እንተካችኋለን" እስከ ማለት ደረሱ፤ ድምፆቹ አንድ ላይ ቆሙና 125 ሺሕ ሆነ። በ2008 ደግሞ 400 ሺሕ ገባ። (አንድ ላይ መቆም የሚለውን ለእኛ ማኅበራት በወፍራሙ አስምሩልኝ።) አሁን ሒሳብ እንሥራ። በ2010 ሮሌክስ የተባለው የሰዓት ፋብሪካ ከ18 እስከ 30 ዓመት ላሉ የዓለም ወጣቶች ይሰጥ በነበረው ሽልማት ብሩክታዊት ከአምስቱ ተሸላሚዎች አንዷ ሆነች፤ ሽልማቱ 50 ሺሕ ዶላር ነበር። ያን ገንዘብ በባርት ዋጋ ብንመነዝረው ከሃያ ሁለት ደቂቃው ፊልም ውስጥ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይገዛም። እሷ ግን ለሀገር ልጅ የምታስተምርበትን ሥራ አስፋችበት።

ይህን የምለው በናንሲ ካርትራይት ቀንቼ አይደለም፤ የላቧን ነው ያገኘችው። ብቻ የድምፅ ዋጋ የሚወሰነው በድምፁ ሳይሆን በሰሚው ኪስ መሆኑን ለማሳየት ነው። የፀሐይ ሰሚዎች ኪስ የላቸውም።

ሽልማት አላጣችም። በ2008 በሙኒክ ከሚሰጠው የልጆች ቴሌቪዥን ሽልማት፣ ከፕሪ ጀነስ፣ አገኘች፤ በዚያው ዓመት የጃፓኑ ብሔራዊ ቴሌቪዥን ከ1965 ጀምሮ ከሚሰጠው "የጃፓን ሽልማት"ም አገኘች። ይህን ሳውቅ ወደ ጎረቤቴ ሮጥኩ። ጋርዴና መቼም የድሮ የጃፓኖች ከተማ ናት፤ እንጆሪ እርሻ ያቀኑት እነሱ ናቸው። ጎረቤቴ እዚሁ የተወለዱ ሽማግሌ ሲሆኑ፣ በ1942 መንግሥት ጃፓኖቹን ሰብስቦ ካምፕ ሲያጉራቸው ገና ሕፃን ነበሩ። "ጃፓኖች የእኛን ቀጭኔ ሸለሙ" ብዬ ስኩራራባቸው ሣቁና አንድ ነገር አጫወቱኝ።

ከጦርነቱ በኋላ ወላጆቻቸው ጃፓንኛ ማስተማሩን ፈሩት አሉ። እሳቸውም ለልጆቻቸው አላስተማሩም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ባሕል ማዕከሉ ትምህርት ቤት ቢልኳቸው ልጆቹ እያለቀሱ ይሄዱና እያለቀሱ ይመለሱ ነበር። "የልጅ ልጆቼ ግን ጃፓንኛ ይችላሉ" አሉኝ። "እንዴት?" ስላቸው "ከካርቱን! እኔ ሳልሆን ካርቱኑ ነው ያስተማራቸው" አሉ። ጃፓን የራሷን ካርቱን በራሷ ድምፅ ሠርታ ዓለምን ስላጥለቀለቀች፣ የጋርዴና ልጅ ሳይገደድ፣ ከፈለገውም በላይ ተማረ። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ ግማሽ ደስታ፣ ግማሽ ቁጭት ነበረባቸው። ቁጭታቸው ገብቶኛል።

ወደ ብሩክታዊት ልመለስ። ፀሐይ ከአማርኛ ሌላ በሌሎቹም የሀገራችን ቋንቋዎች ተናግራለች፤ ቴሌቪዥን ለሌለው በሬዲዮ ተሰምታለች። ፊደልና ቁጥር ብቻ አይደለም የምታስተምረው፤ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ጤና፣ ስለ ፍርሃትና ስለ ኀዘንም ከልጆች ጋር ትነጋገራለች። ከካልሲም ወደ ሥዕል አደገች። ኋላ ላይ ይኸው ቤት "ጥበብ ገርልስ" የተባለ ካርቱን ሠራ፤ ፍቅር፣ ትዕግሥትና ፍትሕ የሚባሉ ሦስት ልጃገረዶች ልዩ ኃይል ይዘው ያለ ዕድሜ ጋብቻን፣ ግርዛትንና የሴት ልጅን ወር አበባ ነውር የሚያደርገውን ልማድ ሲታገሉ የሚያሳይ ነው። የአገሬው የቤተሰብ ሕግ ከ2000 ጀምሮ ጋብቻ ከ18 ዓመት በታች አይሆንም ይላል። ሕጉ ግን ወረቀት ላይ ነው፤ የጎንደርና የጎጃም ገበሬ ወረቀቱን አላነበበም። ልጁ ግን ካርቱን ታያለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ላይ ልትዳር የቀረበች ልጅ እኩያዋ በሥዕል ስትበርና "እምቢ" ስትል ማየቷ ስንት ስብሰባ ይተካል? እኔ የዚያች "እምቢ" ድምፅ ከማንም ባለሥልጣን ንግግር ይልቅ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ወዳጆቼ "ይህ የፈረንጅ ገንዘብ ሥራ ነው" እንደሚሉ ዐውቃለሁ። እውነት አላቸው፤ እንዲህ ያለው ሥራ አብዛኛው የሚቆመው በረጂ ገንዘብ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ከሚሰጡት ትልልቆቹ አንዱ የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ ነበር፤ እሱም በ2025 ተዘጋ። አሁን ማን ይክፈል? እኛ ነና! እኛ ለሠርግ አዳራሽ ስንት እንደምንከፍል ፌርፋክስ ያውቀዋል። ልጆቻችን የሚያዩት ያው እነሱ የሚያዩት ነው፤ የሰማነውን ያህል አልከፈልንም።

ይህን ስል ደግሞ ያቺ የሦስት ዶላር ዲቪዲ ከመደርደሪያው ላይ ታየኛለች። ቃል እንደገባሁ ልመለስባት። እንደተገለበጠች ስገዛት ዐውቄያለሁ፤ ሽፋኑ ይናገራል። ሦስት ዶላሬ ለባለ ሱቁና ለገልባጩ ገባች፤ ለቀጭኔዋ አንድ ሳንቲም አልደረሳትም። የልጅ ልጄን አንደበት የፈታችልኝን ሴት ሰረቅኳት ማለት ነው። ስለ ዘፋኞቻችን መገልበጥ በዚሁ ዓምድ ላይ ስንቴ ቆጥቼ ጽፌያለሁ! የሰው ጉድ ሲሆን ብዕሬ ትሮጣለች። ዛሬ ዲቪዲው ቀርቶ ሁሉ በስልክ ሆኗል፤ ቢሆንም ከሠሪዎቹ ከራሳቸው ገጽ ማየትና ከሌባ ገጽ ማየት አሁንም ይለያያል። መጽሐፍም አሻንጉሊትም የሚሸጡ ሲሆን በደንቡ መግዛት ነው። እኔ ዕዳዬን መክፈል ጀምሬያለሁ፤ ስንት እንደሆነ አልናገርም፣ እንዳትስቁብኝ።

ሌላው ነገር የእኛው የራሳችን ድምፅ ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ ልጆቻችንን አማርኛ ስለ ማስተማር ስብሰባ ተጠርቶ ሄጄ ነበር። ስሙን ልተወው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሊቀ መንበር ማን ይሁን ተብሎ ተከራከርን፤ አንዱ ተቆጥቶ ወጣ፤ ሌሎች ተከተሉት፤ ቡናው ቀዘቀዘ። ስለ ልጆቹ ሳይነሣ ስብሰባው ተበተነ። ከአዳራሹ ማዶ፣ ኩሽናው ውስጥ፣ አንዲት እናት የሰው ልጆች ሰብስበው ስለ ቀበሮና ጅብ ሲያወሩ ልጆቹ በሣቅ ሲፈርሱ ሰማሁ። እሳቸው የጅቡን ድምፅ ሲያወጡ የእኔም ጠጉር ቆሟል። እንግዲህ ያን ቀን ስብሰባው የነበረው ኩሽና ውስጥ ነበር። ያን ድምፅ የቀዳው ግን የለም። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ ብሩክታዊት ሥራዋን ስትጀምር ከነበራት መሣሪያ ይበልጣል። ካልሲ ደግሞ ሁላችንም አለን።

ስለ ካልሲ ካነሣሁ አይቀር። የልጅ ልጄ አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ኮሌጅ ናት። አማርኛዋ ወለምታ ያለበት ቢሆንም ይሄዳል፤ አታፍርበትም። አሁን አምስት ዓመት የሞላው ወንድም አላት፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የምትጠብቀው እሷ ናት። ባለፈው ከፌርፋክስ ስመለስ ሳሎን ውስጥ የሦስት ሰው ድምፅ ሰማሁ። ገባ ብዬ ሳይ ልጅቱ ሶፋው ጀርባ ተደብቃ፣ ጥቁሯን የቤተ ክርስቲያን ካልሲዬን እጇ ላይ አጥልቃ፣ በቀጭኔዋ ድምፅ ትናገራለች። ዓይን ሠርታለታለች፣ በነጭ ወረቀት። ትንሹ ልጅ ደግሞ ካልሲውን ፊት ለፊት አፍጥጦ "ለምን? ለምን?" ይላታል፤ በአማርኛ!

አማርኛውን ከእህቱና ከሴት ቀጭኔ ስለ ለቀመው አንዲት ጣጣ አለችው። ሰውን ሁሉ ሴት ያደርጋል። ገና ሳየኝ እጁን እያወዛወዘ "አባባ! ነይ! ቁጭ በዪ!" አለኝ። እህቱ ልታርመው አፏን ስትከፍት በዓይኔ ዝም አሰኘኋት። "እሺ፣ መጣሁ" ብዬ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ። የካልሲው ሁለተኛ እግር እስካሁን አልተገኘም።